የእትዬ ሃሴት ሐይቅ

በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሁለት ቀን፣ የእትዬ ሃሴት ሦስት ጥማድ ማሳ ሐይቅ ሆኖ አደረ። ዶፍ አልጣለም፤ ወንዝም ሞልቶ አልፈሰሰም። ማሳው እንደ ትናንቱ ጥቁር መረሬ አፈሩን ዘርግቶ፣ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ከቦት ፀሐይ ይሞቃል። ሐይቅ የሆነው በመዝገብ ነው።

እሷ የምትኖርባት ዳገት በር ምንጃር ውስጥ ያለች መንደር ናት። እዚያ ሰው ከመኝታው ሲነሣ ፊቱን ሳይታጠብ ስልኩን ያያል። "ላይኛው" የሚሉት ሳተላይት በየቀኑ ልክ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያልፋል፤ ከአፈሩ የሚወጣውን ስስ ማይክሮዌቭ አዳምጦ የእያንዳንዱን ማሳ እርጥበት ከመቶ ይልካል። ደመና አያግደውም፣ ጭጋግ አያሳስተውም። ቁጥሩን ሳያይ ያረሰ ወይም የዘራ ሰው ካለ ሞኝ ነው፤ ወይም ሌላ ወረዳ ነው የሚኖረው። ሰላምታው ራሱ ከተለወጠ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። "እንዴት አደርሽ?" ለከተማ ሰው ቀርቶ፣ ዳገት በር ውስጥ "ስንት አደርሽ?" ነው የሚባለው። "ሃያ ዘጠኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል የተጠየቀው። ቁጥሩ የወረደበት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ ጠያቂውም ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል።

ሃሴት ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰው ሁሉ እትዬ ይላታል፤ አንቱታ ግን ስለማትወድ እዚህም አንቱ አትባልም። በእሷ ዘመን የተወለዱት ሃሴት፣ ናሆም፣ ሶልያና፣ ማክቤል እየተባሉ የተሰየሙ ናቸው፤ አሁን ሁሉም ጉልበታቸውን እያሹ የሚነሡ አዛውንት ሆነዋል። የድሮ ስም ደግሞ ተመልሶ ፋሽን ሆኖ ጎልማሳው ሁሉ ይርገዱና አባተ ነው።

ሃሴት አንድ ልማድ አላት። ባሏ ካረፈ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ስልኳን ከመክፈቷ በፊት ጫማዋን አውልቃ ማሳው ውስጥ ትገባለች። አፈሩን በተረከዟ ትጫናለች፤ ከአንድ ስንዝር ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጥታ ትጨብጣለች፤ ከዚያ ቁጥሩን ለራሷ ትናገራለች። ስልኩን ስትከፍት ከሁለት በላይ አይለያዩም። ሲለያዩ "ላይኛው ዛሬ እንቅልፉን አልጠገበም" ብላ ታልፋለች።

የዚያን ቀን "ሠላሳ አምስት" ብላ ስልኩን ከፈተች። ቁጥር የለም። በቁጥሩ ፋንታ ሰማያዊ የማዕበል ሥዕል ወጥቶ፣ ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "የተከበሩ ወይዘሮ ሃሴት፣ ይዞታዎ የውሃ አካል ሆኖ ስለ ተመዘገበ እንኳን ደስ አለዎት። ለውሃ አካል እርጥበት አይለካም። ወደ ሐይቁ ከመግባትዎ በፊት ተንሳፋፊ ሰደርያ መልበስዎን አይርሱ።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ አፈሩን ከተረከዟ ሳታራግፍ ወደ ጎረቤቷ ወደ ናሆም ሄደች። ናሆም በሁለት ዓመት ይበልጣታል፤ አብረው አድገዋል፤ እስከ ዛሬ ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን የለም።

"እስቲ ይህን አንብብልኝ" አለችው፤ "መነጽሬ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት?"

ናሆም አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀና ብሎ በግቢው ጥግ የተደረደረውን አዲስ ቆርቆሮ አየ፤ መልሶ እሷን አየ።

"ቆርቆሮዬ ነው" አለ። "ሐይቁ የእኔ ቆርቆሮ ነው፣ ሃሴት።"

ነገሩ የመጣው ከሩፋኤል ነው። ጳጉሜን ሦስት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነውና ዳገት በር እንደ ሌላው አገር ሁሉ ይጠመቅበታል፤ በዕቃም ተቀብሎ ሊጥ ያቦካበታል፣ ለታመመ ያስቀምጠዋል። ዕቃው ከዋዜማው ጀምሮ የሚደረደረው በሃሴት ማሳ ላይ ነው፤ ከአጠገቡ ዛፍም ጣሪያም የለም፣ ጠብታው ምንም ሳይነካ ይወርዳል፣ ባለቤቲቱም እምቢ ማለት አታውቅም። ወትሮ ባልዲና ሳፋ ነበር። ዘንድሮ ግን ናሆም ለቤቱ ጣሪያ አርባ ቆርቆሮ አስመጥቶ ስለ ነበር "እስከ መቼ ጠብታ እንለቅማለን?" አለ። አርባውንም በማሳው ላይ ዘቅዘቅ አድርጎ አነጠፈና ጫፉን ወደ ትልቅ የውሃ ታንከር አዞረ። መንደርተኛውም አይቶ ቀናና ትሪውን፣ በርሜሉን፣ የድግስ ብረት ድስቱን ደረደረ። ዝናቡ ንጋት ላይ ጣለ። ታንከሩ ሞላ፤ ሰው ሁሉ ራሱን እያስነካ ሳቀ። ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ላይኛው አለፈ።

ለላይኛው ብረትና ሐይቅ አንድ ናቸው፤ ከሁለቱም የሚወጣው ማይክሮዌቭ እጅግ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ የዓመቱ የመሬት ምድብ የሚወሰነው በጳጉሜን ሦስት ንባብ ነው፤ ከአምስቱ ቀን መሃለኛዋ ናት ብሎ አንድ ባለ ሥልጣን ድሮ የመረጣት ቀን ናት። ከሕጉ የምታስፈራው ግን ሌላዋ አንቀጽ ነበረች። ሐይቅ የግል አይሆንም። ባለይዞታው እስከ መስከረም ሃያ አንድ ካላስተባበለ ውሃው የሕዝብ ይሆናል።

ማስተባበል ቀላል መስሏት ነበር። ደወለች። ለስላሳ ድምፅ "ቅሬታዎ ደርሶናል፤ የውሃ ባለሙያ ከነጀልባው በአርባ ቀን ውስጥ ይላካል" አላት።

"ቀኑ የሚያልቀው በሃያ አንድ ነው እኮ። ለመሆኑ ጀልባ ምን ያደርጋል? ባለሙያው በእግሩ ይግባና ይየው።"

"ባለሙያን ያለ ጀልባ ወደ ውሃ ማስገባት ክልክል ነው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።"

መስከረም ስምንት ዘሪው መጣ። ዘሪው ስድስት ጎማ ያለው፣ የመንደሩን የሽምብራ ዘር በሙሉ በሆዱ ይዞ ከማሳ ማሳ የሚዞር፣ ሰው የሌለበት ማሽን ነው። የናሆምን ዘራ፤ የማክቤልን ዘራ፤ ሃሴት ማሳ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ። መብራቱን አብርቶ አጠፋ።

"ከፊቴ ውሃ አለ" አለ። "ጥልቀቱ አልታወቀም። እትዬ ሃሴት፣ እባክዎ ከውሃው ይውጡ።"

ሃሴት ማሳው መካከል ቆማለች። ጎንበስ ብላ እፍኝ አቧራ አነሣችና በተነችው። ንፋሱ ወስዶ የማሽኑን መስተዋት አለበሰው።

"ማዕበል እየተነሣ ነው" አለ ዘሪው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሄደ።

ሊያይ የወጣው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን አለቀሰች። ሽምብራ ዝናብ አይጠብቅም፤ ክረምቱ መረሬው ውስጥ ያስቀረውን እርጥበት እየጠጣ ነው የሚያድገው። ያ እርጥበት በየቀኑ ይቀንሳል፤ አፈሩ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ዘሩ በማሽኑ ሆድ ተቆልፎ ስለሚኖር በእጇ ልትዘራው አትችልም። ሃያ አንድ ካለፈ ደግሞ ማሳውም የእሷ አይደለም። ከባሏ ጋር ድንጋይ ለቅመው ያቀኑት መሬት ነው፤ ያን ትታ ከተማ ሄዳ ፎቅ ላይ መቀመጥን ልታስበው አትፈልግም።

መስከረም አሥራ ሁለት ላይ አንድ የጭነት መኪና በሯ ላይ ቆመ። አባተ የሚባል ቁመተ ረጅም ሾፌር ወርዶ ሁለት በርሜል እያሳየ "ለአዲስ ሐይቅ የተመደበ አምስት መቶ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት አለኝ" አለ። "የት ጋ ልልቀቀው? ሐይቁ የቱ ጋ ነው?"

"ቆመህበታል" አለችው።

አባተ ጫማውን አየ። ዙሪያውን አየ። ወረቀቱን እንደገና አየ።

"እትዬ፣ እዚህ ብለቃቸው ያልቃሉ እኮ።"

"እኔም የምለው እሱን ነው። የሚሰማኝ አጣሁ እንጂ።"

ይዞ እንዳይመለስ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ዓሣዎቹም መድከም ጀምረዋል። ሃሴት አሰብ አደረገችና የሩፋኤል ዝናብ የሞላውን ታንከር አሳየችው። "የተባረከ ውሃ ነው፤ አይሞቱበትም" አለችው። ዓሣዎቹ ተገለበጡ፤ ታንከሩ ውስጥ ብር ብር እያሉ ዞሩ። አባተ ማስረከቢያው ላይ ፈረመ፤ ሕሊናው አልፈቀደለትምና ከፊርማው ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። "ሐይቁ አቧራ ያስነሣል" ብሎ ጻፈ።

በዚያ ሰሞን ሃሴትን ከማሳው ይልቅ ያመማት ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት በመንገድ ያገኛት ሰው "ስንት አደርሽ?" ማለቱን ተወ። ቁጥር እንደሌላት ያውቃሉ፤ ላለማሳቀቅ ብለው "እንዴት አደርሽ፣ እትዬ ሃሴት?" ይሏታል፣ እንደ እንግዳ፣ እንደ ከተማ ሰው። ናሆም እንኳ አንድ ጠዋት እንደዚያው አላት። ፊቷን አዙራ አለፈች። እሱም አጥር ሥር ቆሞ ቆርቆሮውን ሲረግም ዋለ።

መስከረም ሃያ ጠዋት፣ ቀኑ ሊያልቅ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ አንዲት ሴት በሞተር መጣች። ይርገዱ እባላለሁ አለች። የእርጥበት ቢሮ ባለሙያ ናት፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል፤ አንገቷ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል መዝጋቢ መሣሪያ አንጠልጥላለች። የአባተን ወረቀት ፋይል ውስጥ አግኝታ ሦስት ቀን ስታስብበት ከርማ፣ ማንም ሳይልካት መምጣቷ ነበር።

"አቧራ የሚያስነሣ ሐይቅ ካላየሁ ልሙት ብዬ ነው" አለች።

እግሯን ወደ ማሳው ስታነሣ ግን አንገቷ ላይ ያለው መዝጋቢ ጮኸ። "ባለሙያ ያለ ጀልባ ወደ ውሃ እየገባች ነው። የሚወሰደው ናሙና ተቀባይነት አይኖረውም።"

ይርገዱ እግሯን መለሰች። "ይኸውላችሁ" አለች፤ "እኔ ባምን ምን ዋጋ አለው? ይህን መዝጋቢ ማሳመን ያስፈልጋል። ጀልባው ደግሞ ገና ወረፋ ላይ ነው።"

መንደርተኛው ተሰብስቧል። ሃሴት ወደ መዝጋቢው ጠጋ አለችና "ጀልባ ምንድን ነው ይላል ሕጋችሁ?" ብላ ጠየቀች።

ይርገዱ ከመዝጋቢዋ ላይ ፈልጋ አነበበች። "ጀልባ ማለት ርዝመቱ ከሁለት ሜትር የማያንስ፣ ውሃ የማያሾልክ፣ ቢያንስ አንድ ሰው የሚይዝና መቅዘፊያ ያለው ዕቃ ነው።"

ከዚያ ናሆም ጉሮሮውን ጠረገ።

"የእኔ ገንዳ ሦስት ሜትር ነው" አለ። "ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ከብቶቼ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠጡበት አንድ ጠብታ አላሾለከም።"

"መቅዘፊያስ?" አለች ይርገዱ፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ መጣ።

ሃሴት ቤቷ ገብታ እህል የምታዘራበትን ላይዳ ይዛ ወጣች።

ገንዳው ታጥቦ መጣ። ይርገዱ መዝጋቢውን በላዩ አዞረችው፤ ለካው፣ ውሃ አስሞልቶ መረመረው፣ ላይዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። በመጨረሻ "ዕቃው መስፈርቱን ያሟላል። የጀልባው ስም?" አለ። ሁሉም ወደ ሃሴት ዞሩ።

"ሩፋኤል" አለች።

ሁለት ወፍራም አጣና በገንዳው ሥር አሳልፈው ስምንት ሰው ተሸከመው። ይርገዱ ላይዳውን ጭኗ ላይ አጋድማ ውስጡ ተቀመጠች። ሌላው ለማገዝም ለማየትም ተከተለ፤ ደቦ ይመስል ነበር፣ የሚታረስ ነገር የለም እንጂ። ጀልባዋ ከጠርዙ ስትነሣ መዝጋቢው "መልካም ጉዞ" አለ። ይርገዱ ሥርዓቱ እንዳይጓደል አየሩን በላይዳ ሁለቴ ቀዘፈች። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሲያጎነብሱ ጀልባዋ ተንገዳገደች።

"የማዕበል ከፍታ?" አለ መዝጋቢው።

"ዜሮ" አለች ይርገዱ።

"ሃያ ስድስት ሰዎች ውሃ ውስጥ ታይተዋል። የነፍስ አድን ይጠራ?"

"አይጠራ። ዋናተኞች ናቸው።"

ሃሴት በባዶ እግሯ ከጎን ከጎን ትሄዳለች። እሷ አልሳቀችም። በየእርምጃው ተረከዟ አፈሩን ይጠይቃል፤ ከላይ ደርቋል፣ ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ አሥራ ስምንት ቀን ያለ ዝናብ ሄዷል። ይርገዱ ቀድማ ነግራታለች፤ ከስልሳ በላይ ከሆነ ሐይቅ ነው፣ ከሃያ አምስት በታች ከሆነ ደግሞ ደረቅ መሬት ተብሎ ለዘር አይፈቀድም። ሐይቅ አለመሆኑን ማስመስከር ብቻውን አያድናትም።

"እዚህ" አለች መሃል ሲደርሱ። "አንድ ስንዝር ውረጂ። ላይ ላዩን አትይው።"

ይርገዱ ከገንዳው ጠርዝ ተንጠልጥላ በጣሳ አፈር አወጣች። ከሦስት ቦታ ወስዳ ቀላቀለች። ሃሴት ከዚያው ቆንጥራ ጨበጠች፤ ጣቶቿን ስትከፍት አፈሩ የመዳፏን መሥመር ይዞ ቀረ።

"ሠላሳ ሁለት" አለች።

"እግዜር ያድርገው። ግን በእጅ የተባለ አይመዘገብልኝም፤ አፈሩ ተመዝኖ፣ ደርቆ፣ እንደገና መመዘን አለበት። ማድረቂያ ምድጃው ደግሞ ዋናው ቢሮ ነው ያለው። ደርሶ ለመመለስ አራት ቀን ይፈጃል።"

አሁን የሳቀ የለም። ናሆም አጣናውን ከትከሻው ሳያወርድ "በማይክሮዌቭ አይሆንም?" አለ። "የእናቴ አለ። ሽሮ አሞቅበታለሁ።"

ይርገዱ መዝጋቢዋን ጎረጎረች። ደንቡ ግርጌ፣ ማንም ካላነበባት ስልሳ ዓመት የሆናት አንዲት አንቀጽ ነበረች። ምድጃ በሌለበት በኩሽና ማይክሮዌቭ ማድረቅ ይፈቀዳል ትላለች።

የናሆም ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ይርገዱ በሚዛኗ መቶ ግራም አፈር መዝና በሸክላ ሳህን አስገባች። ያረጀው ማይክሮዌቭ እያጉረመረመ አዞረው። ሲከፈት እንፋሎቱ ወጣና ቤቱን የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ ሞላው፤ በር ላይ የቆሙት ሳይቀሩ አሸተቱት። ሚዛኑ ሰማንያ ሦስት አለ። መልሳ አስገባችው። ሰባ አራት። መልሳ አስገባችው። ስልሳ ዘጠኝ። ሃሴት የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ጨርሳዋለች። ስልሳ ስምንት። እንደገና ገባ፤ እንደገና ወጣ። ስልሳ ስምንት። ከዚያ በኋላ አልቀነሰም።

"ከመቶው ሠላሳ ሁለቱ ውሃ ነበር" አለች ይርገዱ። ዞር ብላ ሃሴትን አየቻት። "እንዴት አወቅሽው?"

"እኔ አይደለሁም። ተረከዜ ነው የሚያውቀው" አለች ሃሴት፤ ተቀመጠች።

መዝጋቢው ውጤቱን ተቀበለ። ችግሩ፣ መዝገቡ ሐይቅን መሰረዝ አያውቅም፤ ሐይቁ ደረቀ ብሎ መጻፍ ግን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በኋላ በዳገት በር ስልክ ሁሉ ላይ ጥቁር ክፈፍ ያለው መልእክት ወጣ። "በሐይቃችን ድንገተኛ መድረቅ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን" ይላል። መንደርተኛው እየተሳሳቀ ሃሴትን "እግዜር ያጽናሽ" አላት፤ እሷም "ነፍስ ይማር" አለች።

ከሰዓት በኋላ ዘሪው መጣ። ጠርዙ ላይ ቆመ፤ መብራቱን አብርቶ አጠፋ፤ ምንም ሳይናገር ገባ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱም ጥማድ ሽምብራ ተዘርቶበት ነበር።

በማግሥቱ መስከረም ሃያ አንድ ነው። ሃሴት ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ በተረከዟ ተጫነች፤ አፈሩን ጨበጠች፤ "ሠላሳ" አለች። ስልኩን ከፈተች። ሰማያዊው ሥዕል የለም። ቁጥሩ ሠላሳ ይላል።

ናሆም አጥሩ ጋ ቆሟል። ስታየው ዓይኑን ሰበረ፤ ከዚያ እንደ ፈራ ሰው ቀስ ብሎ "ስንት አደርሽ?" አላት።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ፣ "ሠላሳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለች።

"ተመስገን" አለ ናሆም። ትንፋሹን ለቀቀ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ "ሃሴት፣ ለከርሞው እንግዲህ የሩፋኤል ዕቃ የት እንዲደረደር ነው? ሰዎቹ ጠይቅልን ብለውኝ ነው። ወደ መንገዱ ዳር ቢሆን ቅር አይላቸውም።"

ከበስተኋላው ገንዳው በአጣናው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። ጎኑ ላይ ይርገዱ በነጭ ቀለም የጻፈችው የምዝገባ ቁጥር አለ። አንዱ በሬ አንገቱን አስግጎ ጠርዙን ይልሳል።

"እዚሁ ይደረደር እንጂ" አለች ሃሴት። "ጀልባ አለን።"